ግራ ተመላላሹን ልጅ ስቶፐር (የመሃል ተከላካይ) ላድርገው ወይስ ልተወው? ካላፊዮሪን በደንብ የምታውቁ ኑ

ኮች ዘሆጤ

ሰላም ጀመአ እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ደሴ ነው ያለሁት፣ ከ17 አመት በታች የሰፈር ፕሮጀክት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አሰለጥናለሁ፣ ደሞዝ ምናምን የለውም በፍቅር ነው የምንሰራው። አንድ ልጅ አለኝ 16 አመቱ ነው፣ ግራ እግር፣ በቁመት ሁሉንም ይበልጣል ገና እያደገም ነው፣ እስካሁን የሚጫወተው ግራ ተመላላሽ። ኳስ ሲይዝ ደስ ይላል ቀና ብሎ እያየ ነው የሚሄደው፣ ችግሩ አጠር ያለ ፈጣን የክንፍ ተጫዋች ሲገጥመው መዞር ላይ ይዘገያል፣ ባለፈው ከኮምቦልቻ ከመጣ ቡድን ጋር ስንጫወት አንድ ሚጢጢ ልጅ አዞረው አዞረውና እረፍት ላይ ቀየርኩት፣ ልጁ አኩርፎ ልምምድ ሁሉ ቀርቶ ነበር።

ጓደኛዬ "ስቶፐር አድርገው፣ ካላፊዮሪም እንደዛ ነው የተሰራው" ይለኛል። እኔ የአርሰናል ሰው አይደለሁም፣ ጣሊያናዊውን ተከላካይ ካላፊዮሪን ያወቅኩት በዩሮ 2024 ክሮሺያ ላይ ለዛካኚ ባቀበላት ኳስ ነው፣ ከዛ በፊት ምን ሲሰራ እንደነበር የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ ይሄ ሰውዬ በልጅነቱ ምን ነበር የሚጫወተው፣ ማን ነው መሃል ያስገባው፣ በስንት አመቱ? ሌላው ደሞ የልጁ አጎት አዲስ አበባ ወስጄ አንድ ትልቅ ክለብ ቢ ቡድን አስሞክረዋለሁ እያለ ነው፣ እናትየው ደሞ አይ ትምህርቱን ይጨርስ ባይ ናት፣ ሁለቱም እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ምን ልበላቸው?

ጉነር ዘፒያሳ

ኮች፣ ጓደኛህ ግማሹን ነው የነገረህ። ካላፊዮሪ ስቶፐር የሆነው ቦሎኛ ከገባ በኋላ ነው፣ 21 አመቱ ነበር፣ ከዛ በፊት በዋናነት ግራ ተመላላሽ ነው። እስኪ ከስሩ ልንገርህ ምክንያቱም የልጁ ታሪክ ላንተ ልጅም ለአጎትየውም መልስ አለው።

ሮም ተወልዶ (2002 በፈረንጅ) ሮማ አካዳሚ ያደገ ልጅ ነው። ልክ እንዳንተ ልጅ 16 አመቱ ላይ፣ ኦክቶበር 2018 ማለት ነው፣ በወጣቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ከቪክቶሪያ ፕልዘን ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተበላሸ። ተበላሸ ስልህ አንድ ጅማት አይደለም፣ የጉልበቱ ጅማቶች በሙሉ፣ ሜኒስከሱም ጭምር። አሜሪካ ፒትስበርግ ድረስ ሄዶ ነው ቀዶ ጥገና የተደረገለት። አንድ አመት ገደማ ከሜዳ ራቀ። እንደዛ አይነት ጉዳት የደረሰበት ልጅ እዚህ ቢሆን ኖሮ ባጃጅ መንዳት ነበር የሚጀምረው፣ እውነቱን እንነጋገር።

ተመልሶ መጣ። ኦገስት 1 2020 ቱሪን ላይ ከጁቬንቱስ ጋር፣ የሴሪ ኤው የመጨረሻ ጨዋታ ነው፣ ጁቬ ዋንጫዋን ቀድማ በልታለች፣ የሮማው አሰልጣኝ ፎንሴካ ልጁን ከመጀመሪያው አሰለፈው፣ 18 አመቱ ነው። ሮማ 3 ለ 1 አሸነፈች፣ ከሶስቱ አንዷ ፔሮቲ የመታት ሪጎሬ ናት፣ ሪጎሬዋ የተገኘችው ደግሞ እሱ ላይ በተሰራ ጥፋት ነው። ዲሴምበር ላይ በዩሮፓ ሊግ ያንግ ቦይስ ላይ ከሩቅ በግራው አክርሮ መቶ አንድ አገባ፣ ካላየሃት ፈልገህ እያት ወላሂ። ያኔ ሮም ውስጥ ሁሉም ሰው በቃ የግራ መስመሩ ለአስር አመት ተዘጋ እያለ ነበር።

ከዛ ሞሪንሆ መጣ። ኦክቶበር 2021 ኖርዌይ ሄደው በቦዶ ግሊምት 6 ለ 1 የተቀጠቀጡበትን ታስታውሳለህ? ግራ ተመላላሹ እሱ ነበር። ጃንዋሪ ላይ ጄኖዋ በውሰት ተላከ፣ እዛም ጥቂት ጨዋታ ብቻ፣ ክለቡም በዛው አመት ወረደ። እንግዲህ አስበው 20 አመቱ ላይ ነው፣ የተሰበረ ጉልበት፣ 6 ለ 1፣ የወረደ ክለብ። ሮማ ምን አደረገች፣ በ2022 ክረምት ለባዝል ሸጠችው፣ ስዊዘርላንድ። የኛ ሰው ቢሆን ጣሊያን ትቶ ስዊዘርላንድ መሄድ ውርደት ነው ይላል። ባዝል ግን አጫወተችው፣ በዛው አመት ኮንፈረንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ ደረሱ፣ ፊዮረንቲናን ፍሎረንስ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈው በመልሱ በጭማሪ ሰአት ነው የወደቁት። ከሶስት የኋላ ተጫዋቾች ግራውን መያዝ የለመደውም እዛ ነው። ከዛ ኦገስት 2023 ቦሎኛ ገባ፣ አሰልጣኙ ቲያጎ ሞታ የመሃል ተከላካይ አደረገው፣ ቦሎኛ አምስተኛ ሆና ከ60 አመት በኋላ የትልቁ ዋንጫ ውድድር (ሻምፒዮንስ ሊግ) ገባች። ሜይ 2024 ጁቬን 3 ለ 0 ሲመሩ ሁለቱን ያገባው እሱ ነው (ጁቬ በመጨረሻ ደቂቃዎች ሶስት አግብታ አቻ ወጣች፣ እሱን ተወው)። በወሩ ለብሄራዊ ቡድን ተሰለፈ፣ ጁላይ ላይ አርሰናል ገዛው።

ስለዚህ ለአጎትየው የምትለው ይሄን ነው፣ ልጁን የሰራው ትልቁ ክለብ አይደለም፣ በየሳምንቱ ያጫወተው ክለብ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት

በመጀመሪያ ያ ሚጢጢ የኛ ሰፈር ልጅ ነው ሃሃሃ ገና ምን አይታችሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እናንተ ብርድ ውስጥ ተጫውቶ እንደዛ ካዞራችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ምን ልትሆኑ ነው። ይሄን ለቀልድ አይደለም የምለው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ የኛ ልጆች እናንተ ጋ ሲጫወቱ በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ያም ሆኖ ነው ልጅህን ያዞረው። ስለዚህ ችግሩን በደንብ እየው።

ወደ ቁም ነገሩ ስመጣ ግን ከጉነር ጋር አልስማማም። እናንተ አርሰናሎች አንድ ሰው ስታገኙ አለም በሱ የተጀመረ ይመስላችኋል። ካላፊዮሪ ኳስ ይዞ ከኋላ የሚወጣው ምንጣፍ የመሰለ ሜዳ ላይ ነው፣ ቦሎኛ ሳለ ሲወጣም ፍሮይለር የሚባል አማካይ ወደ ኋላ ተመልሶ ቦታውን ይሸፍንለት ነበር። የኛ ሜዳ ላይ ኳስ መሬት ይዛ አትሄድም፣ ትዘላለች። ስቶፐርህ ኳስ እየገፋ መሃል ሜዳ ሲደርስ አንዲት ጠጠር ነክታ ከእግሩ ከሸሸች ከኋላው ያለው በረኛ ብቻ ነው። ተመላላሽ ሲሳሳት ክሮስ ነው የሚደርስብህ፣ ስቶፐር ሲሳሳት ጎል ነው። 16 አመት ልጅ በሶስት ጨዋታ በሱ ስህተት ሶስት ጎል ገብቶ ሰፈር ውስጥ ስሙ ሲነሳ ይታይህ፣ ያኔ ነው ልምምድ የሚቀረው።

እኔ ሚላን ነኝ፣ አንተ ምሳሌ ከፈለግክ ማልዲኒ አለልህ። በ16 አመቱ ጃንዋሪ 1985 ከኡዲኔዜ ጋር ተቀይሮ ገባ፣ ቀኝ እግር ሆኖ ስንት አመት ግራ ተመላላሽ ተጫወተ፣ መሃል በቋሚነት የገባው አርጅቶ ፍጥነቱ ሲቀንስ ነው። ከአሁኖቹ ደሞ ባስቶኒን እይ፣ እሱም ግራ እግር፣ እሱም ረጅም፣ ኢንተር በ2017 ከአታላንታ በ31 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዝቶት ወዲያው ሳን ሲሮ አላመጡትም፣ ፓርማ በውሰት አንድ ሙሉ ሲዝን ተጫውቶ ነው የመጣው። እንግዲህ ያ ሁሉ ብር የተከፈለበት ልጅ ፓርማ ሄዶ ከተጫወተ ያንተ ልጅ ምን ያስቸኩለዋል። በአዲስ አበባው ጉዳይ ላይ ከጉነር ጋር አንድ ነን ማለት ነው፣ በስቶፐሩ ግን አይደለም።

ጋሼ ወጌሻው

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ለብዙ አመት ቡድን ውስጥ በወጌሻነት የሰራሁ ሰው ነኝ አሁን እድሜዬ ገፍቷል። ወንድሜ ኮች፣ የጠየቅከው ስለ ቦታ ነው እኔ ግን ጆሮዬ ላይ የቀረው ሌላ ነው፣ "ገና እያደገ ነው፣ መዞር ላይ ይዘገያል" ያልከው። በዚህ እድሜ ልጅ ድንገት ሲመዘዝ አጥንቱ ቀድሞ ይሄዳል ጡንቻው ይከተላል፣ ለጥቂት ወራት እግሩ የራሱ አይመስለውም፣ ትላንት የሚሰራውን ዛሬ ያጣዋል። ስለዚህ ዘገየ ብለህ ቦታ ከመቀየርህ በፊት ባለፉት ወራት ስንት ሴንቲ እንዳደገ ለካው። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለችውን እብጠት ስትነካት ያመዋል ወይ ብለህም ጠይቀው፣ ብዙ ልጆች ይደብቃሉ እንዳይቀየሩ ፈርተው። የሚያመው ከሆነ ዝላይና ሩጫ ቀንስለት፣ እድገቱ ሲረጋጋ የሚሄድ ህመም ነው።

ጉነር የነገረህ የጣሊያኑ ልጅ ጉልበት በንክኪ ነው በሌላ አላውቅም፣ ግን ልብ ካልከው የነሱ ወጣት ተከላካዮች ላይ ይሄ ጉልበት ነገር ተደጋግሟል። ስካልቪኒ የአታላንታው፣ ጁን 2 2024 ከፊዮረንቲና ጋር የፊት ጅማቱ ተበጥሶ ዩሮ አመለጠው። ሊዮኒ የሚባለው ሊቨርፑል የገዛው ልጅ ደግሞ በ18 አመቱ ሴፕቴምበር 2025 ከሳውዝሃምፕተን ጋር ለክለቡ ገና የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጫወት ያው ጅማት። ሁለቱም ረጃጅም ስቶፐሮች ናቸው። እና እነዚያ ሐኪምም ማሽንም አጠገባቸው ያለ ልጆች ናቸው።

እዚህ አንተ በእጅህ ያለው መከላከል ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ማሟሟቂያ አለ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ከ14 አመት ጀምሮ ላለ ልጅ የተሰራ፣ ኳስ እንጂ ሌላ እቃ አይፈልግም፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ከልምምድ በፊት አሰራቸው። ሲዘሉና ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው ዋናው ነገር፣ በአንድ እግር መቆም አለበት፣ የኋላ ታፋ ማጠንከሪያ አለበት። ልጆቹ ይሰለቻቸዋል አንተ ግን አትሰልች። ሌላው ሲዞር ጉልበቱ ቋ ብሎ ወዲያው ካበጠ በምንም አይነት እንዳታሹት፣ ቅባት ምናምን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አባርሩት፣ በረዶ አድርጋችሁ ወደ ሐኪም። እኔ ወጌሻ ሆኜ ነው ይሄን የምለው።

ኮች ዘሆጤ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እውነት ለመናገር ቁመት መለካት የሚባል ነገር አስቤው አላውቅም። ዛሬ ልምምድ ላይ ጠየቅኩት፣ ከጉልበቱ በታች ያመዋል ግን "ትንሽ ነው ኮች" ነው የሚለኝ፣ ከአምና ማልያው ጋር ሳስተያየው ደሞ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል። ሌሎቹንም አስሰልፌ ጠየቅኩ ሁለት ልጆች እጃቸውን አወጡ።

ሐረጎ የሜዳው ነገር እውነት ነው፣ ክረምት ላይ ደሞ ጭቃው ሲጨመር ኳስ መግፋት ዝም ብሎ ድካም ነው። ግን አንድ ነገር አለ፣ ልጁ ኳስ ሲገፋ ሰው ይፈራዋል እኮ፣ ቁመቱን ይዞ ሲመጣ አማካዮቹ ወደ ኋላ ነው የሚሸሹት፣ ያንን ነገር ከመስመር አጠገብ አስቀምጬው እያባከንኩ ነው የሚመስለኝ። ቴስታም ላይ ጎበዝ ነው፣ ኮርነር ላይ ሁሌ እሱን ነው የምልከው። ጉነር አንድ ነገር ግን ግልፅ አልሆነልኝም፣ ሞታ ምን አይቶ ነው መሃል ያስገባው? ግራ እግር ስለሆነ ብቻ ነው?

የሰኞ ገበያዋ

እኔ የማወራው ስለ አዲስ አበባው ነው፣ ኳስ ብዙም አልገባም ወንድሜ ግን ተጫዋች ነበር። እሱንም እንደዚሁ አጎት ሳይሆን አንድ ዘመድ ነኝ ባይ ነው የወሰደው፣ የክለቡን ስም ተዉት። ሙከራ አለፈ ብለው ደውለው እልልታ ሆነ ድግስ ቀረን እንጂ። ከዛ በኋላ በየወሩ ስንደውል ልምምድ ላይ ነኝ ነው መልሱ፣ ጨዋታ ግን የለም፣ ምክንያቱም ከሱ እድሜ በላይ የሆኑ ልጆች በእድሜው ተመዝግበው እየተጫወቱ ነበር። የሚያድረው ደባል ተከራይቶ፣ የቤት ኪራዩን እናታችን ናት ከዚህ የምትልከው፣ ትምህርቱንም አቋረጠ። ተመልሶ ሲመጣ ከሰፈር ቡድን ጋር እንኳ መጫወት አፍሮ ተወው፣ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሰራው አልሃምዱሊላህ ደህና ነው።

አይሄድም አላልኩም። ግን እናትየው የምትለውን አትናቁ። አጎትየውን ጠይቁት፣ የት ነው የሚያድረው፣ ማን ነው የሚያበላው፣ ትምህርት ቤት ይመዘገባል ወይ፣ በቢ ቡድኑ ውስጥ በሱ ቦታ ስንት ልጅ አለ። አንዱንም ካልመለሰ መልሱ እሱ ነው።

ጉነር ዘፒያሳ

እህቴ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ደሞ ትክክል ነሽ። አንድ ልጨምር፣ ባዝል ካላፊዮሪን ለቦሎኛ ስትሸጥ ወደፊት ከሚሸጥበት ድርሻ አለኝ ብላ በውሉ አስፅፋ ነበር፣ አርሰናል 42 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲከፍል ትልቅ ብር ነው ቁጭ ብላ የበላችው። ይሄን የምለው ለኮች ነው፣ ልጁ ከሄደ ከናንተ ፕሮጀክት መሆኑ በወረቀት ይፃፍ፣ ብር ባይገኝበት እንኳ ልጁ ሰው እንዳለው ይታወቃል።

ወደ ሞታ ጥያቄህ። ግራ እግርነቱ አንዱ ምክንያት ነው ግን ብቻውን አይደለም። ቀኝ እግር ስቶፐር በግራ በኩል ሲቆም ኳስ ስትመጣለት ወደ ውስጥ ገልብጦ ነው የሚያቀብለው፣ አጥቂው ያንን ስለሚያውቅ ወደ ውስጥ ዘግቶ ይጠብቀዋል። ግራ እግር ግን ሰውነቱን ወደ መስመሩ ከፍቶ በአንድ ንክኪ ወይ ለተመላላሹ ወይ በመሃል ለአማካዩ ይሰጣል፣ ያ አንድ ሰከንድ ነው ልዩነቱ። ሁለተኛው ኳስ መግፋቱ ነው፣ ሞታ ስቶፐሮቹ ቦታቸው ላይ ተተክለው እንዲቀሩ አይፈልግም ነበር፣ ክፍት ካለ ግባ ነው የሚላቸው፣ አጥቂው ስቶፐር ሲመጣበት ማን ይያዘው የሚለው ግራ ይገባዋል። ክሮሺያ ላይ ያየሃት እኮ እሷው ናት፣ 98ኛ ደቂቃ፣ ጣሊያን ሻንጣዋን ልታስር ነው፣ ስቶፐሩ ከራሱ ሜዳ ኳስ እየገፋ መሃሉን ሰንጥቆ ገብቶ ለዛካኚ ሰጠው። ከአራት ቀን በፊት ደሞ ስፔን ላይ ራሱ ላይ አግብቶ ጣሊያን 1 ለ 0 የተሸነፈችው በሱ ነው፣ ሌላ ልጅ ቢሆን ኳስ ሲመጣበት ወደ ሰማይ ነበር የሚጠልዘው። ይሄ ነው እኔን የገረመኝ ከጎሉም ከአሲስቱም በላይ። (በዛው ጨዋታ ቢጫ አይቶ ስዊዘርላንድ ላይ ስላልተሰለፈ ጣሊያን 2 ለ 0 ወደቀች፣ እሱ ቢኖር ያሸንፉ ነበር አልልም ቡድኑ ሞቶ ነበር።)

ሶስተኛው ላንተ ልጅ የሚጠቅመው ነው። መስመር ላይ ያለ ተከላካይ ከክንፍ ተጫዋች ጋር ለብቻው ይፋጠጣል፣ መዞር ዋናው ነገር እዛ ነው። መሃል ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጨዋታው ከፊትህ ነው፣ ጎንህ ሰው አለ፣ የሚያስፈልግህ ቀድሞ ማየት ነው። ግን ከኋላው ረጅም ኳስ ሲጣል ያው መዞር ሊጠየቅ ነው፣ እዚህ ላይ ሐረጎ የሚለው አለ። ስለዚህ የኔ ሃሳብ ከሁለቱ መሃል ነው፣ ከኋላ ሶስት አድርግና ግራውን ስጠው። በመስመር በኩል ያውቀዋል፣ በውስጥ በኩል ስቶፐር አጠገቡ አለ፣ ሲወጣ ሁለቱ ይቀሩለታል። ካላፊዮሪም በባዝል በዛች በር ነው የገባው። እና አርሰናል ሲመጣ ምን ሆነ መሰለህ፣ አሰልጣኙ አርቴታ መልሶ ግራ ተመላላሽ አደረገው፣ ሴፕቴምበር 2024 ሲቲ ላይ ከሳጥን ውጪ ጠምዝዞ ያገባት የመጀመሪያ ጎሉ ተመላላሽ ሆኖ ወደ መሃል ገብቶ ነው። ሁለቱንም ስለሚያውቅ ነው ዋጋ ያወጣው።

ሐረጎ ቁልቁለት

ሶስት ከኋላ ከሆነ እሺ፣ እሱን ልቀበል። ግን መሃለኛው ስቶፐር አፍ ያለው ይሁን፣ የሚጮህ፣ "ውጣ" "ቁም" የሚል። ዝምተኛ ሶስት ተከላካይ አንድ ላይ ካስቀመጥክ የኛ ሚጢጢ በመሃላቸው ሲያልፍ ሶስቱም እርስ በርስ ነው የሚተያዩት። ደሞ አማካይህ ልጁ ሲወጣ ቦታውን እንዲይዝ በልምምድ ደጋግመህ አሳየው፣ በአፍ ብቻ ነግረኸው ጨዋታ ላይ አትጠብቅ። በ16 አመት ማንም "ቦታ ሸፍን" ሲባል አይሰማም፣ ሁሉም ጎል ማግባት ነው የሚፈልገው፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ።

እና ጭቃ ላይ አትግፋ በለው። ደረቅ ሜዳ ላይ ይግፋ፣ ጭቃ ላይ ለጊዜው ይጠልዝ፣ አይታሰርበትም።

ጋሼ ወጌሻው

ቅዳሜ ልታጫውተው ነው? ጉልበቱ እያመመው ሙሉ ጨዋታ አታድርገው። ግማሽ ይበቃዋል።

ኮች ዘሆጤ

እሺ ጋሼ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻ ነው የማስገባው፣ ሶስት ከኋላ፣ ግራው እሱ። መሃለኛው ስቶፐር አፍ አለው ወይ ላላችሁት አፉ ብቻ ነው ያለው ልጁ፣ ስለ እሱ አትስጉ። ዛሬ ለአማካዩ አሳይቼዋለሁ፣ በገመድ ነው ያሳየሁት፣ ካላፊዮሪያችን ሲወጣ ገመዱን ይዞ ወደ ኋላ እንዲጎትተው፣ ልጆቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ ግን የገባቸው ይመስለኛል።

እናትየው ጋርም ሄጄ ነበር። አጎትየውን በስልክ አግኝተን እህታችን ያለችውን ጥያቄ በተራ በተራ ጠየቅነው፣ የት ያድራል ለሚለው "እኔ ጋ" አለ፣ ትምህርት ቤቱን "እሱ ይታያል" አለ፣ በቦታው ስንት ልጅ አለ ለሚለው ደሞ ዝም። እናትየው "እንግዲያው ይታይና ይምጣ" ብላ ቡና አፈላች። በቃ ቢያንስ ፈተናውን እስኪጨርስ እዚሁ ነው።

ጉነር ዘፒያሳ

ማሻአላህ ጎበዝ እናት። ካላፊዮሪያችን አልክ? ስሙ ወጣለት ማለት ነው ሃሃሃ። ቅዳሜ ስንት ሰአት ነው፣ ከተመቸኝ ብቅ እላለሁ።

ሐረጎ ቁልቁለት

እኛም እንመጣለን፣ ሚጢጢውን ይዘን። ገመዱን ግን ሜዳ ውስጥ እንዳታስገቡ።

ኮች ዘሆጤ

8 ሰአት ነው፣ ቀድማችሁ ኑ ሜዳውን ሌላ ቡድን ሊይዝብን ይችላል። አንድ ችግር ግን አለ፣ ይሄን ሁሉ ያነበበ ሰው ለልጁ ነግሮት አሁን የካላፊዮሪን 33 ቁጥር ካልሰጣችሁኝ እያለ ነው፣ የኛ ማልያ ደግሞ ከ2 እስከ 18 ነው ያለው። ሁለት 3 ቁጥር ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ፣ አንዱን ቀድጄ እሰፋበታለሁ።